የጥቁር ጊታር ስስ ጭረቶች፦ የቱ ይነሳል፣ የቱ ይተዋል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ያገለገለ ጥቁር ስኳየር ስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛሁ። ድምፁም አንገቱም ጥሩ ነው። ጀርባው ግን በቀበቶ ዘለበት ተጫጭሯል፤ ፊቱም መብራት ሲያርፍበት ክብ ክብ በሆኑ ቀጫጭን ጭረቶች የተሞላ ነው። አንዱ ጓደኛዬ በጥርስ ሳሙና ፈትገው ይለኛል፤ ሌላው የመኪና ፖሊሽ ይበቃዋል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ካልነካው አይለቅም ባይ ነው። ማንን ልስማ? ቢጸዳስ ስሸጠው ዋጋው ይጨምራል?»

ወንድሜ፣ ከሦስቱ ጓደኞችህ ለእውነት የሚቀርበው የመኪና ፖሊሽ ያለህ ነው፤ እሱም ቢሆን የትኛውን ፖሊሽ እንደሆነ አልነገረህም። ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር በደንብ እንዲገባህ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ዘንድ ለጥገና ከሚመጡት የተበላሹ ሽፋኖች ብዙዎቹን ያበላሻቸው ጭረቱ ራሱ አይደለም፤ ጭረቱን ለማንሳት የተደረገው ፍትጊያ ነው።

ጭረት ማለት ከሽፋኑ ላይ የጎደለ ነገር ነው። የጎደለውን ደግሞ ፖሊሽ አይሞላውም። ፖሊሽ የሚያደርገው በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ሽፋን በጣም በትንሽ በትንሹ እየላገ ወደ ጭረቱ ወለል ማውረድ ነው። ስለዚህ በፈተግህ ቁጥር ከጊታርህ ሽፋን ላይ ትከፍላለህ፤ የተከፈለውም አይመለስም። መልካሙ ዜና፣ ጭረቱ ከዓይን እንዲሰወር እስከ ወለሉ ድረስ መውረድ አያስፈልግም። ጭረት ጎልቶ የሚታየው ስለታም ጠርዞቹ ብርሃኑን ወደ ጎን ስለሚበትኑት ነው፤ ጠርዞቹ ከለዘቡና ከተጠጋጉ ጉድጓዱ በከፊል እዚያው ቢቀርም ዓይን አያገኘውም። ጥቁር ቀለም ላይ ነገሩ ሁሉ የሚጋነነውም ለዚሁ ነው። ጥቁር ወለል ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያንጸባርቅ ከመስመር የወጣች አንዲት የብርሃን ጭረት ወዲያው ትጋለጣለች። በነጭ ጊታር ላይ ተመሳሳይ ጭረት ቢኖር ልብ ሳትለው ዓመታት ትጫወትበት ነበር።

አሁን ሽፋኑ ምን እንደሆነ እንይ። የስኳየር ጊታሮች የሚሸፈኑት በፖሊዩሬታን ወይም በፖሊስተር ነው፤ ኢባኔዝ፣ ያማሃና ኤፒፎንም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። ይህ ሽፋን ጠንካራና ወፈር ያለ ስለሆነ ለእንዳንተ ዓይነቱ ጀማሪ ይቅር ባይ ነው። ናይትሮሴሉሎስ ላከር የሚባለው ሌላ ዓለም ነው። ጊብሰን እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል፤ ፌንደርም እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ዋና ሽፋኑ እሱ ነበር። ላከር ስስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ እጅ ብዙም አይርቅም። በሙቀት ይለሰልሳል፤ አሴቶንና የላከር ቲነር ያሟሙታል። የማታውቀው ጊታር ቢያጋጥምህ መለየት ቀላል ነው፦ ከፒክጋርዱ (ፊቱ ላይ ከተገጠመው የፕላስቲክ ሽፋን) ስር ወይም ከኋላ ክዳኑ ስር ተደብቆ በሚቀር ቦታ ላይ አሴቶን የነካች የጆሮ ጥጥ ለአንድ ሁለት ሰከንድ አሳርፍ። ቦታው ተጣባቂ ከሆነና ጥጡ ቀለም ካነሳ ላከር ነው። ፖሊስተር ከሆነ ምንም አይሆንም። ይህን ሙከራ በሚታይ ቦታ ላይ ጨርሶ እንዳታደርገው። አንተ ግን ስኳየር ስለያዝህ አያስፈልግህም።

ሽፋኑ የማያንጸባርቅ፣ ደብዘዝ ያለ ዓይነት የሆነ ሰው ይህን መልስ እያነበበ ከሆነ እዚህ ላይ ያቁም። ደብዛዛ ሽፋን በፖሊሽ ሲወለወል ያ ቦታ ብቻ እየበራ ይቀራል፤ ወደ ነበረበት መመለሱም ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያው ሥራ እጥበት ነው፤ አትናቀው። ያገለገለ ጊታር ላይ ጭረት የሚመስለው ግማሽ ያህሉ የላብና የቅባት ቅሪት፣ የድሮ ሰም ወይም ከሌላ ዕቃ ላይ ተፈግፍጎ የተለጠፈ ቀለም ሆኖ ይገኛል። አቧራውን ግን በደረቅ ጨርቅ አትጥረገው። አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ከሽፋኑ ይልቅ ጠንካራ ነው። በበጋ አዲስ አበባ ውስጥ መስኮት አጠገብ ቆሞ የሰነበተን ጊታር በደረቅ ጨርቅ ክብ ክብ እያደረጉ መጥረግ፣ ፊቱ ላይ የምታያቸውን እነዚያን ክብ ጭረቶች የሚፈጥር ልማድ ነው። ከአንተ በፊት የነበረው ባለቤት ጊታሩን አብዝቶ ያጸዳ ሰው ሳይሆን አይቀርም። አቧራውን ለስላሳ ጸጉር ባለው አዲስ ብሩሽ አራግፍ። ከዚያ በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና የረጠበና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ አሳልፍበት፤ ወዲያው በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ አድርቀው። የቀረውን ቅባት በትንሽ የላይተር ቤንዚን ማንሳት ይቻላል፤ መስኮት ክፈት፤ እሳትና ሲጋራ በአካባቢው እንዳይኖር። የላይተር ቤንዚን ፖሊስተርንም በደንብ የደረቀ ላከርንም አይጎዳም። ቲነር ግን በምንም ምክንያት አይጠጋው።

ቤንዚኑ በነገራችን ላይ ምርመራም ነው። ጭረቱ ላይ ረጥቦ ሳለ ልብ ብለህ ተመልከት። ሲረጥብ የጠፋ፣ ሲደርቅ የተመለሰ ጭረት ላይ ላዩን ነው፤ በፖሊሽ ይሸነፋል። ረጥቦም ነጭ ሆኖ የሚታይ ከሆነ ጠልቋል። ሁለተኛው ምርመራ ጥፍር ነው፦ ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አግድም ሳብ አድርገው። ካልያዘህ ፖሊሽ ይበቃል፤ በስሱ ከያዘህ ብርጭቆ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥፍርህ ገብቶ ከቆመ ግን በመላግ የማይፈታ ነገር ነውና እርሳው። እነዚህን የምታየው የክፍሉን መብራት አጥፍተህ የስልክህን ባትሪ በዝቅተኛ አንግል በማብራት ነው። በጣሪያ መብራት ስር ምንም አይታይህም፤ ሥራው ያለቀ ይመስልሃል፤ በነጋታው መድረክ ላይ ትደነግጣለህ።

አሁን ወደ ፖሊሹ። የጊታርና የመኪና ቀለም ዘመዳሞች ናቸው። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ስትራቶካስተርን በልዩ ቀለማት ሲያዘጋጅ ይጠቀም የነበረው የዱፖንት ኩባንያን የመኪና ቀለሞች ነበር፤ ፊስታ ሬድ የተባለው ታዋቂ ቀይም ከፎርድ መኪና የመጣ ነው። ስለዚህ የመኪና ፖሊሽ ለጊታር ባዕድ አይደለም። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም መሸጣቸው ነው። አንደኛው በእርግጥ የሚልግ ኮምፓውንድ ነው፤ ሻካራና ለስላሳ ይኖረዋል። ሁለተኛው ሰም ነው፤ አይልግም፤ ይሸፍናል። ሦስተኛው የሁለቱ ድብልቅ ሲሆን ጭረቱን በቅባትና በሲሊኮን ሞልቶ ለጊዜው የሚደብቅ ነው። ይህን ሦስተኛውን አትግዛ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጭረቱ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሲሊኮኑ ነው፤ በስንጥቅና በብሎን ቀዳዳ ገብቶ እንጨቱ ላይ ከተቀመጠ፣ ነገ ጊታሩ እንደገና መቀባት ቢያስፈልገው አዲሱ ቀለም እየሸሸ ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ይፈጥራል። ቀለም ቀቢ ሁሉ የሚረግመው ነገር ነው። ጠርሙሱ ላይ ሲሊኮን እንደሌለው ወይም ለቀለም ቤት ሥራ እንደሚሆን የተጻፈበትን ፈልግ። የመኪና ቀለም የሚሠሩ ጋራዦች የሚጠቀሙባቸው፣ እንደ ሜጓየርስ 205 ወይም የ3ኤም ፊነስ ኢት ያሉ ለስላሳ የማጠናቀቂያ ኮምፓውንዶች ለአንተ ሥራ ልክ ናቸው። አንድ ጋራዥ ውስጥ የምታውቀው ሰው ካለ ሙሉ ጠርሙስ መግዛት እንኳን አያስፈልግህም፤ በትንሽ ዕቃ ቀድቶ ቢሰጥህ ጊታሩን ጨርሰህ ይተርፍሃል።

የጥርስ ሳሙናው? በእርግጥ ይልጋል፤ ሲሊካ ወይም ካልሲየም ካርቦኔት አለበት። ነገር ግን ቅንጣቶቹ የተመጠኑት ለጥርስ ነው፤ ጥቁር አንጸባራቂ ወለል ላይ አንዱን ጭረት አንስቶ የራሱን ጉም ይተዋል። ሁለት እጥፍ ሥራ ይሆንብሃል።

ለጀርባው ክሮቹን መፍታት የለብህም። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፎጣ አጥፈህ ጊታሩን በፊቱ አስተኛው፤ አንገቱ በአየር ላይ እንዳይንጠለጠል ከስሩ ደግፈው። የኋላውን የፕላስቲክ ክዳን ፍታና ጉድጓዱን በወረቀት ፕላስተር ዝጋ። ለፊቱ ግን ክሮቹን አውልቅ፤ መቼም ክር የምትቀይርበት ቀን መድረሱ አይቀርምና ከዚያ ጋር አገናኘው። ፒክአፖቹን (ከክሮቹ ስር ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ማግኔቶች)፣ ብሪጁን (ክሮቹ የሚያርፉበትን ብረት) እና የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍን። ኮምፓውንድ እዚያ ገብቶ ከደረቀ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል፤ በጥርስ እንጨት ስትፈለፍል ትውላለህ። የብረት ሱፍ ደግሞ ጊታሩ ወዳለበት ክፍል እንኳን እንዳይገባ። ብናኙን የፒክአፕ ማግኔት ይስበዋል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣት መከራ ነው።

አወላወሉ እንዲህ ነው። አዲስና ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አራት ጊዜ እጠፍ። የሽምብራ ፍሬ ያህል ኮምፓውንድ ጨርቁ ላይ እንጂ ጊታሩ ላይ አታድርግ። ከመዳፍህ በማይበልጥ ቦታ ላይ ብቻ ሥራ። ብዙዎች ክብ ክብ ያደርጋሉ፤ እኔ ቀጥታ ምልልስ እመርጣለሁ፦ መጀመሪያ በጊታሩ ርዝመት፣ ቀጥሎ በአግድሙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከሠራህ የቀረው መስመር የአንተ ይሁን የድሮው ጭረት መለየት አትችልም፤ አቅጣጫ ስትቀያይር ግን የማን እንደሆነ ራሱ ይነግርሃል። በመጠኑ ተጫን። ኮምፓውንዱ መጀመሪያ ነጭ ጭጋግ ሆኖ ይዘረጋል፤ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከስሩ ጥቁሩ ብቅ ማለት ሲጀምር ጫናህን ቀንስና ጥቂት ቀለል ያሉ ምልልሶች ጨምር። በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አንሳው፤ በስልክህ ብርሃን እየው።

በዚህ ጊዜ ጨርቁንም እየው። ጨርቁ ላይ የቀረው ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ ከቀለሙ በላይ ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን እየላግህ ነው፤ ደህና ነህ። ጨርቁ ጥቁር ካነሳ ግን የምትልገው ቀለሙን ራሱን ነው። አንዳንድ ጥቁር ጊታሮች ከላይ ጥርት ያለ ሽፋን የላቸውም፤ ከመጀመሪያው ምልልስ ጀምሮ ጥቁር ይወጣል፤ እነሱ በእጅና በለስላሳ ኮምፓውንድ ብቻ ይያዛሉ፤ ብርጭቆ ወረቀት አይነካቸውም። መጀመሪያ ነጭ ሲወጣ ቆይቶ ድንገት ወደ ጥቁር ከተለወጠ ግን ጥርት ያለው ሽፋን እዚያ ቦታ ላይ አልቋል ማለት ነውና በዚያች ቅጽበት እጅህን አንሳ።

ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግምና ፍረድ። ፊቱ ላይ ያሉት ክብ ጭረቶች በዚህ ብቻ እንደሚጠፉ እገምታለሁ። የዘለበቱ ጭረቶች ከፊሎቹ ይጠፋሉ፤ ከፊሎቹ ይደበዝዛሉ። ምክሬን ከጠየቅኸኝ እዚህ ላይ አቁም። ጀርባው የሚያርፈው ሆድህ ላይ ነው፤ ማንም አያየውም፤ በሁለት ወር ውስጥም ያው ዘለበት ይመለስበታል።

ካልተውከውና ብርጭቆ ወረቀት ካሰኘህ ስለዚያም ልንገርህ፤ ሳልነግርህ ብቀር ሦስተኛው ጓደኛህ ይነግርሃልና። የሚያስፈልግህ በውሃ የሚሠራው ጥቁሩ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩም ከ2000 አይነስ። በአውሮፓው ደረጃ የፒ2000 ቅንጣት አማካይ መጠኑ 10 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ የፒ1200 ደግሞ 15 ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን 1200 የሚተወውን ጭረት በእጅ ፖሊሽ ለማንሳት ክንድህ እስኪዝል ትወለውላለህ። ወረቀቱን አንድ ጠብታ ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው። በጣትህ ብቻ አትያዘው፤ ጣት እኩል አይጫንምና ሽፋኑ ላይ የጣትህን ቦይ ታወጣበታለህ። በጠፍጣፋ ላጲስ ላይ ጠቅልለው። ጭረቱን ብቻ ተከትለህ አትላግ፤ ሰፋ አድርገህ፣ ቀለል ባለ እጅ፣ በየጥቂት ምልልሱ እያደረቅህ ተመልከት። የደረቀው ቦታ እኩል ደብዛዛ ሆኖ ጭረቱ ብቻ የሚያብረቀርቅ መስመር ሆኖ ይታይሃል፤ መስመሩ እየቀጠነ ሄዶ ሲጠፋ ጨርሰሃል። ጥቂት ቢቀርም ተወው፤ ፖሊሹ ያለዝበዋል። ከዚያ በቁጥር 3000 አለስልሰውና ወደ ኮምፓውንዱ ተመለስ።

ሁለት ቦታዎች ላይ በጣም ተጠንቀቅ። አንደኛው ጠርዝ ነው። ቀለም ሲረጭ ከጠርዝ ላይ ይሸሻል፤ ፋብሪካውም ሲያለሰልስ ጠርዙን ይበልጥ ይልገዋል። ስለዚህ የስትራቶካስተር ቀንዶች ጫፍና የሆድ ቅርጹ የሚጀምርበት ኩርባ ላይ ያለው ሽፋን ከሌላው ቦታ እጅግ የሳሳ ነው። ከጠርዙ አንድ ሴንቲሜትር ገባ ብለህ ፕላስተር ለጥፍና ከዚያ አትለፍ። ሁለተኛው የብሎን ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው ውስጥ ያለው እንጨት ራቁቱን ስለሆነ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ በዙሪያው ያለውን ሽፋን ከስር ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳዎቹን በሻማ ሰም ድፈን፤ ውሃውንም ጠብታ ጠብታ እያደረግህ ተጠቀም።

ጥፍር የሚያቆመው ጥልቅ ጭረት የሚሞላ እንጂ የሚላግ አይደለም። በፖሊስተር ላይ ቀጭን ሱፐር ግሉ በጥርስ እንጨት ጫፍ ተጨምሮ፣ አድሮ ሲደርቅ ሁለቱ ዳር በፕላስተር በተሸፈነ ምላጭ መሃል ተፍቆ ይስተካከላል። በላከር ላይ ግን የሚሞላው በራሱ ላከር ነው፤ አዲሱ አሮጌውን አሟሙቶ ስለሚዋሃድ። ይህ የመጀመሪያ ሙከራህ ከሆነ በፈረሰ ጊታር ላይ ተለማመድ።

የመወልወያ ማሽን ወይም ድሪል ላይ የሚገጠም ስፖንጅ ይሻላል ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ ለአንድ ጊታር አያስፈልግም። ሙቀቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጠርዙን ያጋልጣል፤ ጨርቁ የሽቦ ጫፍ ወይም ብሎን ቢይዝ ደግሞ ጊታሩን ከእጅህ ነጥቆ ይወረውረዋል።

ፒክጋርዱም ተጭሮ ከሆነ በዚያው ለስላሳ ኮምፓውንድ ይወለወላል። ከዚያ በፊት ግን ጠርዙን በጥፍርህ ፈትሽ፤ ብዙ ሰዎች ከፋብሪካ የመጣውን ስስ መከላከያ ፕላስቲክ ሳይልጡ ዓመታት ይጫወታሉ፤ የተጫረውም እሱ ብቻ ይሆናል። ከተላጠ በኋላ አዲስ ፒክጋርድ ያገኛል ሰውየው።

ስለ ዋጋው፦ የአንተ ጊታር ንጹሕ ሆኖ ሲታይ ገዢ ቶሎ ያገኛል፤ ዋጋውን የሚወስኑት ግን አንገቱ፣ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም ያሉት የብረት መስመሮች) እና ኤሌክትሪኩ ናቸው። ፖሊሽ ላይ የምታጠፋውን ቅዳሜ ፍሬቶቹን በማጽዳትና ጫጫታ የሚያሰማ መቆጣጠሪያ ካለ እሱን በማስጠገን ብታሳልፈው ይበልጥ ይከፍልሃል። ነገር ግን ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የወረሰው፣ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ወይም የ60ዎቹ ፌንደር ወይም ጊብሰን በእጁ ካለ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ አትንኩት። የላከሩ ቢጫነት፣ በሸክላ ላይ እንደሚታየው ያለ ስስ ስንጥቁ፣ የክንድ ማረፊያው መሳሳት፣ ሁሉም የዕድሜው ማስረጃ ነው። ስንጥቁ ጭረት ስላልሆነ በፖሊሽ አይነሳም፤ ኮምፓውንዱ ይገባበትና ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። ሰብሳቢዎች የመጀመሪያ ሽፋኑን እንደያዘ የሚፈልጉትን ጊታር በአንድ ከሰዓት በኋላ ፍትጊያ ዋጋውን ማራከስ ይቻላል። በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ፤ ይበቃዋል።

ሥራህን ስትጨርስ ቀጭን ሰም ብትቀባው አይጠላም፤ ሲሊኮን የሌለው ይሁን። ስትጫወት የቀበቶህን ዘለበት ወደ ጎን አዙረው ወይም ሸሚዝህን አውጥተህ ልበሰው። ማይክሮፋይበሩን ኮምፓውንድ ከነካው ጨርቅ ለይተህ በፌስታል አስቀምጥ፤ መሬት ላይ ከወደቀ ሳይታጠብ ጊታሩን እንዳይነካው። ጀርባው ላይ ከሦስት ዙር በኋላ የሚቀር ጭረት ካለ ደግሞ፣ በዝቅተኛ አንግል በበራ ብርሃን ፎቶ አንስተህ ከጨርቁ ፎቶ ጋር ላክልኝ፤ ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳትህ በፊት አብረን እንየው።